እኔ ከመኪናዋ ሥር፣ ሸምሱ ከመስኮቱ

ሰኞ፣ ኅዳር 4

ዛሬ የመኪናዋን ዘይት የቀየርኩት እኔ ነኝ። እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና፣ አንድ ጊዜ በአመድ ታጥቤአለሁ፤ ጥፍሮቼ ግን አሁንም ጥቁር ናቸው። ይህን ገጽ ሳላቆሽሽ የምጨርስ አይመስለኝም።

ሹፌራችን ታደሰ የአጎቱን ለቅሶ ሊደርስ ትናንት እምድብር ሄዷል። ባለቤቴ ሸምሱ አልጋ ላይ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አገና ላይ ከጭነት አናት ወድቆ ግራ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ መኪናዋን የሚነዳልን ታደሰ ነው። ወጌሻው እግሩን በቀርከሃ ጠፍረው አስረውት፣ እስክመለስ ንቅንቅ እንዳትል ብለውታል። አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠግተንለታል። ቀኑን ሙሉ ግቢውን ያያል፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ ከመኪናዋ ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

ጠዋት «ቆጣሪውን አይተሽ ንገሪኝ» አለኝ።

ሸምሱ ፊደል አልቆጠረም። ስምንት ዓመት ሙሉ እሱ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፦ ዘይት የተቀየረበት፣ ካንዴላ የተጠረገበት፣ ግሪስ የተሰጠበት፣ የራዲያተር ጎማ የተለወጠበት። ይህን የራሴን ጉድ የምጽፈውም በዚያው ደብተር የኋላ ገጾች ላይ ነው። ወደፊት ገልጬ ከቆጣሪው ጋር አስተያየሁት። ዘይት የምንቀይረው በየሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትሩ ነው፤ በአራት መቶ አልፏል።

«ለታደሰ ነግሬው ነበር» አለ ሸምሱ። «ገና ነው፣ ትንሽ ብጨምርበት ይበቃል አለኝ። የቆሸሸ ውኃ ላይ ንጹሕ ውኃ ቢጨምሩበት ይጠጣል?»

«ታደሰ እስኪመጣ ይቆይ?»

«ሲመጣ ጭነት ይጠብቀዋል።» ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺ አለሽ አይደል» አለ።

የቀለደ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም።

ማርሹ ባዶ ላይ መሆኑን ሦስት ጊዜ አረጋግጬ ሞተሩን አስነሣሁ። ዘይቱ ሲሞቅ ነው ተራግፎ የሚወርደው። አጠፋሁና ጆንያ አንጥፌ በጀርባዬ ከሥሯ ገባሁ። ሸምሱ በመስኮቱ ይጮሃል፤ ወደ ግራ፣ አይደለም ወደ ራስሽ ግራ፣ መፍቻውን በደንብ አስገቢው፣ ብሎኑ ሲላላ እጅሽን ቶሎ መልሺ። አልመለስኩም። ትኩሱ ዘይት ክንዴን ተከትሎ እስከ ክርኔ ወረደ። ጮህኩ። ጎረቤቴ እትዬ ሙሉ በአጥሩ ብቅ ብላ ከመኪናው ሥር የወጡትን ሁለት እግሮቼን አየችና «ራድያ፣ ተዳጥሽ እንዴ?» አለች።

«ዘይት እየቀየርኩ ነው።»

ቆማ እስከ መጨረሻው አየች። አዲሱን ዘይት ስጨምር ደግሞ «እንደ ማር ነው» አለች። እውነትም እንደ ማር ነበር። በዘንጉ ለካሁ፤ ከላይኛው ምልክት ላይ ልክ። ለሸምሱ በመስኮቱ አሳየሁት። ጣቱን ነክሮ አሸት አሸት አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

ደስ ብሎኛል። ክንዴ ትንሽ ይለበልበኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ከአዲስ አበባ በመጣው አውቶቡስ ደብዳቤ ደረሰን። የጋሼ አብድልቃድር ነው። የሸምሱ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ ቡታጅራ ሱቅ አላቸው፤ መኪናዋ የሁለቱም ናት፣ የወንድማማቾች።

ለሸምሱ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የእግሩን ሁኔታ ጠይቀው፣ ዱዓ አድርገው ሲያበቁ ወደ ነገሩ ገቡ። አንድ ነጋዴ ከታደሰ ጋር ወደ አገና ሲሄድ ሞተሯ ስታንኳኳ ሰምቷል። መርካቶ ሲያገኛቸው ነገራቸው። ቆጣሪዋ ሁለት ጊዜ ዞራ ሦስተኛውን የያዘች መኪና ከዚህ በላይ አትታመንም። ባለፈው ዓመት የአንድ ወዳጃቸው መኪና የግቤን በረሃ ስትወርድ ሞተሯ ተበልቶ ሰዎቹ ከነጭነታቸው ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ቀርተዋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ያገለገለ ሞተር አግኝተዋል። አርብ መካኒክ ይዘው ይመጣሉ፤ ሞተሯም ይወርዳል።

እውነት ነው፣ ቆጣሪው አምስት አሃዝ ብቻ ስላለው መቶ ሺህ ሲሞላ ዜሮ ይሆናል። አሁን የሚያሳየው ሠላሳ ስምንት ሺህ ነው። ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ሺህ ማለት ነው።

ሸምሱ ደብዳቤውን ከእጄ ተቀብሎ አጣጠፈው። ከዚያ «የጤነኛ ሆድ አይቀደድም» አለ። «የማላውቀውን የሰው ሞተር አምጥቶ ሊያስገባብኝ። ማን እንደነዳው፣ ዘይት ይጠጣ አይጠጣ የማላውቀውን።»

«ማንኳኳቷስ?»

«እኔ እያለሁ አታንኳኳም ነበር።»

ታደሰ ከሰዓት በኋላ ከለቅሶው ተመለሰ። ሸምሱ ደብዳቤውን እንደገና አስነበበኝ፣ ታደሰ ፊት። ታደሰ ጥሩ ሹፌር ነው፤ ጭቃ ላይ እንደሱ የሚይዝ የለም። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ የሦስት ልጆች አባት ነው። ባርኔጣውን አውልቆ በር ላይ ቆመ።

«እውነት ነው ጋሼ። ሳምንት አልፏታል። ዳገት ላይ ይብሳታል፣ ቆማም ግን ታንኳኳለች፤ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ከእጅዎ ደህና መኪና ተቀብዬ በሦስት ሳምንት ገደላት እንዳልባል ነው።»

ሸምሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ታደሰ ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሻይ ይዤለት ወጣሁ፤ ሳይጠጣው ቀዘቀዘ።

ከትናንቱ ዘይት በፊት የጀመረ ነገር መሆኑን ስሰማ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። እኔ አይደለሁም ያበላሸሁት። አርብ ሊደርስ ሦስት ቀን ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ታደሰ መኪናዋን ወደ ኋላ እየነዳ፣ ከዚያ አዙሮ፣ አፍንጫዋን መስኮቱ ሥር አመጣት። የፊት ሽፋኗን ከፍቶ ሞተሩን እንደተነሣ ተወው። ሸምሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ።

ለእኔ ሁሌም የምሰማው ድምፅ ነው። ሸምሱ ግን «የመጥረጊያውን እንጨት አምጪ» አለኝ። አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮዬ ላይ እንዳደርግ ነገረኝ። እንዳለኝ አደረግሁ። ለካስ ሞተር ውስጥ ሌላ አገር አለ። ሁሉም ነገር ከቅርብ ይሰማል።

«ከታች፣ ከዘይቱ በላይ አድርጊ። ምን ይላል?»

«እንደ ወፍጮ፣ አንድ ወጥ ነው።»

«ከባድ ነገር አይደበድብም? ዱም ዱም አይልም?»

«አይልም።»

«የታቹ ቢሆን ኖሮ ሞተሯ መውረዷ ነበር» አለ። «ወደ ላይ ውጪ። ክዳኑ ላይ።»

እዚያ ነበር። እንደ ልብስ ስፌት መኪና፣ ግን አንዱ ጥልፍ እየሳተ። ወደ ራዲያተሩ ሳስጠጋው ይቀንሳል፣ ወደ ኋላ ሳመጣው ይብሳል።

«ቫልቮላ ነው» አለ ሸምሱ፤ ሞተሯ የምትተነፍስበትን በር ማለቱ ነው። «ክፍተቱ ሰፍቷል። ደብተሩን አምጪ፤ ቫልቮላ መቼ ነው የተለካው?»

ማየት አላስፈለገኝም፤ ግን አየሁ። ግንቦት። በየአሥር ሺሁ ይለካል፤ መስከረም ላይ ተራው ነበር። መስከረም ላይ ዘይት አለ፣ ግሪስ አለ፣ ካንዴላ አለ። ቫልቮላ የለም።

«መስከረም ላይ አልተጻፈም» አልኩ።

«ረስተሽው ይሆናል።»

«አልረሳሁም። ስላልነገርከኝ ነው።»

ታደሰ ሞተሩን አጠፋ። ሸምሱ ጣሪያውን እያየ ነበር።

«ለመስቀል ነው» አለ በመጨረሻ። «ያ ሁሉ ሰው ከአዲስ አበባ ለመስቀል ሲጎርፍ፣ መንገድ ዳር ቆሞ እጁን ሲያውለበልብ፣ መኪና አቁሜ ቫልቮላ ልለካ? ከመስቀል በኋላ አልኩ። ከዚያ ደግሞ ከዚህ ሳምንት በኋላ። ከዚያ ወደቅሁ።» ቀጥሎ ወደ ታደሰ ዞረ። «የኔ ጥፋት ነው። ያንተ ዘይቱ ነው።»

ታደሰ «እሺ ጋሼ» አለ። ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ባርኔጣውን ራሱ ላይ አደረገ።

ሸምሱን በስምንት ዓመት ውስጥ ስለ መኪናዋ ሲሳሳት አይቼው አላውቅም። በሌላው ሁሉ አይቼዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ሲበርድ ክዳኑን ፈታን። ስምንት ቫልቮላ። ታደሰ በማኖቬላ፣ በእጅ ማዞሪያው ብረት፣ ሞተሩን ቀስ እያለ ያዞራል፣ እኔ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልላ የኖረችውን ስስ የብረት ቅጠል በክፍተቱ አስገባለሁ። «ጨበጥ አድርጎ ሊይዛት ይገባል» ይላል ሸምሱ ከመስኮቱ፣ «ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ቢላዋ። ካልያዛት ሰፍቷል፣ ካልገባች ጠቧል።» ሁለቱ ሰፍተው ነበር። ሰባተኛው ግን ሁለት ቅጠል ደርቤ ብከትበት እንኳ ይውጣል፤ መያዣው ብሎን ላልቷል። ታደሰ አጠበቀው፣ እኔ ለካሁት፣ ላላ፣ እንደገና። አራት ጊዜ ደጋገምነው። ጀርባዬ ተቆረጠ።

ክዳኑን ገጥመን ሲያስነሣት ታደሰ ራሱን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ ቆየና «ዝም አለች» አለ።

ሸምሱ ግን «ባዶ ነው የቆመችው» አለ። «ጭነት ላይ እንያት።»

ጻፍኩ፦ ኅዳር 6፣ ቫልቮላ፣ ሁሉም ስምንቱ፣ ሰባተኛው ላልቶ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ታደሰ ወደ ጉብሬ ቀላል ጭነት ይዞ ደርሶ መጣ። ደህና ነች አለ። የአየር ማጣሪያውን በነጭ ጋዝ አጠብነው፤ ከሥሩ የወጣው የመንገድ አቧራ ቡና ስኒ ይሞላል። ያ ሁሉ ሞተር ሊገባ ነበር። ታደሰ ራሱ ጠይቆኝ በየስንት ጊዜው እንደሚታጠብ ነገርኩት፤ በበጋ በየሳምንቱ፣ በክረምት በየወሩ።

የአውራጃው ገዥ ሊያልፉ ነው ተብሎ የገበያው መንገድ ሲጠረግ ዋለ። ቤቱ ሁሉ አቧራ ሆነ። ለእንግዶቹ ፍራሽ አውጥቼ አራገፍኩ። ሸምሱ ምሳውን አልበላም።

አርብ፣ ኅዳር 8

መጡ። ቡታጅራና የእኛ ወልቂጤ በተራራው ወዲህና ወዲያ ናቸው፤ በእግር የሚያውቁት ሰዎች አቋርጠው ይመጣሉ። በመኪና ግን አዲስ አበባ ደርሶ በጅማ መንገድ መመለስ ነው። ጋሼ አብድልቃድር ሁለት ቀን መንገድ ላይ ነበሩ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ገብተው መጀመሪያ የወንድማቸውን እግር ዳሰሱ። ቀጥሎ ግንባሩን ሳሙት። እኔ ተቆጥተው የሚመጡ መስሎኝ ነበር።

«በአንተ ላይ አይደለም» አሉት። «ፈርቼ ነው። አንዴ እግርህን፣ ሁለተኛ ደግሞ ነፍስህን እንዳላጣ።»

ሸምሱ የወንድሙን እጅ ያዘ።

መካኒኩ አቶ ወልዴ ይባላሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ ወሬ አያበዙም፤ በልጅነታቸው በጣልያኖች ጋራዥ ሠርተዋል። ሻይ እንኳን ሳይጠጡ ካፖርታቸውን አወለቁ። የዘይቱን ዘንግ አውጥተው አዩ፣ አሸተቱ። «ይሄ የመቼ ነው?» አሉ።

«የሰኞ» አልኩ።

«ማን ቀየረው?»

«እኔ።»

ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አራቱንም ካንዴላ ፈቱ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ አውራ ጣታቸውን ደፍነው ታደሰን «አዙር» ይሉታል። ትንፋሿ ጣታቸውን ገፍቶ ሲያስለቅቅ ጷ ይላል። በጣልያንኛ ይቆጥራሉ፤ «ኡኖ። ዱዌ። ትሬ።» አራተኛውን ሁለት ጊዜ ሞከሩት። እኔና እትዬ ሙሉ ትንፋሻችንን ውጠን እናያለን። ሸምሱ በመስኮቱ አንገቱን አስግጓል።

«እኩል ናቸው» አሉ አቶ ወልዴ።

ከዚያ ደብተሩን ጠየቁ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው አነበቡ። ስምንት ዓመቱን ሁሉ። ሰው ጋዜጣ እንደሚያነበው አንዳንዱ ላይ ቆም እያሉ። የኋላ ገጾቹን እንዳይገልጡ ስፈራ ነበር፤ መስከረም ላይ ሲደርሱ ግን ጣታቸውን አኑረው «እዚህ ጋ ቫልቮላ ቀርቷል» አሉ።

«ረቡዕ ሠርተነዋል።»

«አየሁት።»

ለጋሼ አብድልቃድር ሞተሯን የምታወርዱበት ምክንያት አይታየኝም አሏቸው። ጋሼ ግን አልረጉም። «ግቢ ውስጥ ሁሉም ሞተር ጨዋ ነው። የሚያጋልጠው ዳገት ነው። ነገ ጨው ትጫንና ራሴ አብሬ ወደ አገና እወጣለሁ። አንዴ ካንኳኳች ወሬ የለም።»

ሸምሱ «ራድያም አብራ ትሂድ» አለ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

አሁንም እየሳቅሁ ነው የምጽፈው።

በጠዋት ተነሣን። የራዲያተር ውኃ፣ ዘይት፣ ጎማ፤ ታደሰ ሳይነግሩት ሁሉንም አየ። ሞተሩን አስነሥቶም ወዲያው አልነዳም፤ እንደ ሸምሱ እስኪሞቅ ጠበቀ። ኋላ ጨውና ነጭ ጋዝ ሞልቷል። አቶ ወልዴ ከሸምሱ ጋር ቀሩ። ጋቢናው ውስጥ ታደሰ፣ እኔ መሀል፣ ጋሼ አብድልቃድር በበሩ በኩል።

ጋሼ ቢስሚላህ ብለው እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ አኖሩ። ሐኪም የልጅ ደረት ላይ እጁን እንደሚያኖር። ከከተማ ሳንወጣ «ይሄ ምንድን ነው?» አሉ። ታደሰ ቆሞ ወርዶ አየ፤ የጋዝ ጣሳ ከጣሳ ጋር ይጋጫል። በመሐላቸው ጆንያ አስገባ። ጉብሬን እንዳለፍን ደግሞ «ይሄስ?» አሉ። የእኔ አምባር ነበር፤ ከማርሹ ዘንግ ጋር ሲነካካ። አወለቅሁት።

እምድብር ላይ ሻይ ጠጣን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ፣ ሕዝቡ አዋጥቶ ያስጠረገው፣ በእንሰቱ መሀል ወደ ላይ ይጠማዘዛል። ፀሐይዋ በጋሼ በኩል ገባች። ትልቁ ዳገት ሊጀምር ሲል ታደሰ ማርሽ ቀነሰ። ሞተሯ ድምፅዋን ወፈር አደረገች፤ አንድ ወጥ፣ ሳትቆራረጥ። እኔ የመጥረጊያው እንጨት ጆሮዬ ላይ እንዳለ ሆኜ አዳመጥኩ። ምንም። ላቤ ግን በጀርባዬ ይወርዳል።

ጋሼ ምን እንደሚሉ ለማየት ዞር አልኩ። ተኝተዋል።

ቆባቸው ጉልበታቸው ላይ ወድቋል፣ አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል። ታደሰ በሹክሹክታ «ልቀስቅሳቸው?» አለኝ። ሁለት ቀን መንገድ ያደከማቸው ሽማግሌ ናቸው። ደግሞ፣ እውነቱን ልጻፍ፣ ዳገቱ ገና አላለቀም ነበር፤ ብታንኳኳስ ብዬ ፈራሁ። «ተዋቸው» አልኩ።

ወጣነው። ሁሉንም። አንድ ቦታ በሬዎች መንገድ ዘግተው መሀል ዳገቱ ላይ ቆምን፤ እንደገና ተነሣች፤ ያለምንም ልመና። አገና ስንገባ ታደሰ ሞተሩን ለሁለት ደቂቃ ያህል ባለበት አቆየውና፣ ይህም የሸምሱ ደንብ ነው፣ ከዚያ አጠፋው። ጸጥታው ነው ጋሼን የቀሰቀሳቸው። ብንን ብለው የበሩን እጀታ ያዙ።

«ምን ሆነች? ቆመች?»

«አገና ደርሰን ነው ጋሼ» አልኩ።

«ዳገቱስ?»

ታደሰ ወደ ፊት እያየ «አለፈ» አለ።

ጋሼ ወረዱ። የመጣንበትን መንገድ ቁልቁል አዩ። ወደ ሞተሩ መጥተው መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ አሳረፉ። ቆባቸውን ፈለጉ፤ እኔ ያዝኩላቸው። «የመካኒክ ሥራ ለእኔ አልተሰጠኝም» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ታደሰ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ግን ይነቃነቅ ነበር።

ስንመለስ ቃጫና ቡላ ጭነን ነው። ቁልቁለቱን ስንወርድ ጋሼ ነቅተው ነበር፤ ስለ ሞተሩ ግን አልጠየቁም፤ ስለ ቃጫ ዋጋና ስለ ቡታጅራ በርበሬ አወሩን። ቤት ደርሰው ለሸምሱ «ያን የአዲስ አበባውን ሞተር ለሌላ ይስጡት እላለሁ» አሉት። ስለ እንቅልፋቸውም ራሳቸው ነገሩት። ሸምሱ ዛሬ ሁለት ጊዜ በላ።

እሑድ፣ ኅዳር 10

እንግዶቹ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄዱ። አቶ ወልዴ ከመሄዳቸው በፊት የውኃ ፓምፑ በጣም ትንሽ እንደሚያነባ አሳዩን፤ ከክረምት በፊት ይለወጥ አሉ። ጻፍኩት። ሸምሱ «ከዚህ በኋላ ምን ያህል ትሄዳለች ይላሉ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«እሱን እኔ አላውቅም። አንድ ቀን ትወርዳለች፣ ሁሉም ይወርዳል። ግን በድንገት አትወድቅባችሁም፤ አስቀድማ ትነግራችኋለች፣ እናንተም ትሰማላችሁ።»

ታደሰ ዛሬ ዕረፍቱ ነው። ቢሆንም መጥቶ ግሪስ ሰጣት። ሲጨርስ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሸምሱ ሲድን የእሱ ነገር እንዴት እንደሚሆን ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ሸምሱ ከውስጥ ሰምቶ ኖሮ «መንገዱ ለሁለት ሹፌር ይበቃል፣ እንነጋገራለን» አለ። ይበቃል ወይ? እንጃ።

ሰኞ፣ ኅዳር 11

ወጌሻው መጡ። ቀርከሃውን ፈቱት። እግሩ ቀጥኗል፤ ቆዳው ገርጥቶ የሌላ ሰው እግር መስሏል። አጥንቱን በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ተከተሉትና «ይዟል» አሉ። ቁርጭምጭሚቱን ሊያጥፉት ሲሉ ግን ሸምሱ የአልጋውን ብረት ጨበጠ። እዚያ ላይ ደርቋል። በቅቤ እያሹ ማላመድ ነው፤ በምርኩዝ ትንሽ ትንሽ ይራመድ፤ ስለ መንዳት እሳቸው የሚያውቁት ነገር የለም።

ግራ እግር ነው። ፍሪሲዮን የሚረገጠው በግራ እግር ነው። ይህን አራት ሳምንት ሙሉ አንዳችንም ጮክ ብለን አልተናገርነውም፤ ወጌሻው ሲወጡም አልተናገርነውም።

ከምሳ በኋላ ምርኩዙን ይዞ ተነሣ። ልደግፈው ስል ትከሻዬን ያዘ። ከደረጃው እስከ መኪናዋ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ብዙ ቆየንበት። እትዬ ሙሉ በአጥሩ አየችና ወደ ቤቷ ገባች። ሸምሱ በሩን ይዞ ራሱን አነሣና መሪውን ይዞ ተቀመጠ። እኔ በዚያ በኩል ገባሁ። ቁልፉን አልጠየቀኝም።

እግሩን በሁለት እጁ አንሥቶ ፍሪሲዮኑ ላይ አኖረው። ረገጠ። ግማሽ ድረስ ሄዶ ቆመ። ፊቱ ላብ አወጣ። ለቀቀው። መስታወቱን ጠረገ፤ ንጹሕ ነበር። ሁለተኛ ረገጠ፤ ከግማሽ ትንሽ አለፈ።

«ይበቃሃል ዛሬ» አልኩት።

«አንዴ ብቻ ልድገም።»

ዓይኑን ጨፍኖ ረገጠ። እኔ የማየው እግሩን ብቻ ነበር። ከጉልበቱ እስከ ታች ይንቀጠቀጣል፤ ፔዳሉ ግን ወረደ፣ ወረደ፣ ወለሉን ነካ። እዚያ ያዘው። እስከ አሥር ሊቆጥር ያሰበ ይመስለኛል፤ ስድስት ላይ ለቀቀው።

«አልሐምዱሊላህ» አለ በቀስታ፤ ወዲያውም ጉልበቱን ማሸት ጀመረ።